በርሜሉ ውስጥ የቀረችው ጥይት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ነገር አንድ ነው። ብራያርክሊፍ መንገድ ካሉት ምግብ ቤቶች አንዱ ገብቼ ገና ወንበር ሳልስብ፣ "ዘሪሁን፣ ለሳፕረሰር፣ ለድምፅ ማፈኛው፣ የሚሆን ሃያ ሁለት ካሊበር ሽጉጥ የትኛው ነው የሚሻለው?" ይለኛል አንዱ። ሰላምታ እንኳን የለም! ምግቤን ሳላዝ ልቤ ድንግጥ ይላል። ስንት ዓመት አለፈ፣ ጥያቄው ግን ዛሬም ያስደነግጠኛል። ሰዎቹ ኩራት ይመስላቸዋል፤ "መሣሪያ ቤት ሠርቶ ሠርቶ አሁን ምክር ይነፍገናል" ይላሉ አሉ። ይበሉ። ለምን እንደምደነግጥ ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ዛሬ ግን እናገራለሁ።

አገር ቤት ሳለሁ በጦሩ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ጠጋኝ ነበርኩ። ከዚያ ስደት፣ ከስደት ካምፕ፣ ከካምፕ አትላንታ። አየር ማረፊያ የተቀበሉኝ ጋሽ ምትኩ ናቸው። የሥጋ ዘመዴ አይደሉም፤ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ እኔ ደግሞ ኦርቶዶክስ ነኝ። ስሜን ከአንድ ሰው ሰምተው ብቻ መጡ። ሰባት ወር ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ ቤታቸው አስቀምጠው፣ መኪና መንዳት አስተምረው፣ ፒችትሪ ኮርነርስ እሳቸው ከሚሠሩበት የካርቶን ፋብሪካ ጎን ባለ የብረት ወርክሾፕ አስገቡኝ። ቶርኖ ማሽን ላይ ቆሜ የብሎን ጥርስ ሳወጣ ስድስት ዓመት ሠራሁ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ አንድ ልጃቸውን ቤዛን ያሳደጉት ብቻቸውን ነው። እኔ ለጋሽ ምትኩ ያለኝን ውለታ በምን ልለካው? አባቴ እንኳን ያን ያህል አልታገሠኝም።

ወርክሾፑ ሲዘጋ ማሪዬታ አንድ የመሣሪያ መሸጫ ሰው ይፈልጋል ተባለና ሄድኩ። ባለቤቷ ጠና ያለች ሴት ነበረች። ደመወዙ ከወርክሾፑ ትንሽ ያንሳል፣ ኢንሹራንሱ ይሻላል፣ ገባሁ። የመጀመሪያው ቀን ድንጋጤ አይረሳኝም። ሰው ዳቦ እንደሚገዛ ሽጉጥ ይገዛል! ይሄስ ይሁን። መስታወቱ ስር ግን ጥቁር ጥቁር ቱቦ ተደርድሯል፤ ቀረብ ብዬ ሳየው ድምፅ ማፈኛ ነው። ኧረ በሕግ! እኔ በማውቀው ዓለም ድምፅ ማፈኛ የሚይዘው ሰው ሊገድል የሚሄድ ነው። እጄን ከመስታወቱ ላይ አነሳሁ።

"ይሄ ለማን ነው የሚሸጠው?" አልኩት ከኋላ የተቀመጠውን ሽማግሌ።

ሽማግሌው ሆሊስ ይባላል፤ የቤቱ ጠጋኝ ነው። ሁለት ጣቱን ወደ ጆሮው አስገብቶ ከግራም ከቀኝም የመስሚያ መሣሪያውን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "እኔ ስጀምር ይሄ ቱቦ የሚገዛ ሰው አልነበረም" አለኝ እየጮኸ። ከዚያ መልሶ ሰካቸው። ነገሩ ገባኝ፤ ቱቦው ለጆሮ ነው። ወረቀቱም ቀላል አይደለም፤ አሻራ ትሰጣለህ፣ ፎቶ ታያይዛለህ፣ ለፌዴራል መንግሥት ቀረጥ ከፍለህ ወራት ትጠብቃለህ።

ሆሊስ መምህሬ ሆነ። ሲበዛ አኩራፊ ነው፤ እኔም ግልፍተኛ ነኝ፤ ተስማማን። ሽጉጥ እጁ ሲገባ፣ ባዶ ነው ብለው ቢምሉለትም፣ ትንሿን ጣቱን ጥይት መጉረሻው ውስጥ ከትቶ ይዳስሳል። ሁለቴ ያደርገዋል። ቀልድ ነገር መስሎኝ፣ "ጣትህ ዓይን አለው እንዴ?" አልኩት አንድ ቀን። "ዓይን የለመደውን ነው የሚያየው፤ ጣቴ ግን አይለምድም" አለኝ።

ድምፅ ማፈኛ ለሚገጠምለት ሽጉጥ ምክር የሚሰጥበት መንገድም የራሱ ነበር። ሃያ ሁለት ካሊበር ጥይት ከሌላው ይለያል። የሽጉጡ መቺ ምስማር መሃሏን አይመታትም፣ የቀለሃዋን ጠርዝ ነው የሚመታው። የሚያቀጣጥለው ቅመም በዚያ ቀጭን ጠርዝ ዙሪያውን እኩል መዳረስ አለበት፤ አንዳንዴ አይዳረስም። ስለዚህ የትም ፋብሪካ ቢሠራት አልፎ አልፎ ትከሽፋለች። ማፈኛው ሲገጠም ደግሞ ጢሱና ጥላሸቱ ወደፊት መውጫ ሲያጣ ወደ ኋላ ይመለስና ሽጉጡን ቶሎ ያቆሽሸዋል። ንጹሕ ሆኖ በደንብ የሚሠራ ሽጉጥ ብዙ ነው። ቆሽሾም የሚሠራውን ማግኘት ነው ሥራው።

ሆሊስ ታዲያ አዲስ ዓይነት ሽጉጥ በመጣ ቁጥር ማፈኛ ይገጥምለትና ከሦስት ዓይነት ጥይት መቶ መቶ ይተኩስበታል፤ መሃል ላይ አይወለውለውም። አጠገቡ ባዶ የእንቁላል ካርቶን አለ፣ አሥራ ሁለት ጉድጓድ ያለው። የከሸፈች ጥይት፣ ወይም ሽጉጡ ነክሶ ያልተፋት ቀለሃ፣ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ትቀመጣለች። ሦስቱን መቶ ጨርሶ ከሁለት ጉድጓድ በላይ ከሞላ ያንን ሽጉጥ ለማንም አይመክርም። ብዙ ጊዜ የሚያልፉት ከባድና ዱልዱም የሚመስሉ፣ በርሜላቸው ከአካሉ ጋር የታሰረና የማይነቃነቅ፣ ማፈኛ የሚታሰርበት የአፈሙዛቸው ጥርስ ብረቱ ላይ በቀጥታ የወጣ ናቸው። መልካቸው አያምርም። የሚያምሩት ደግሞ ወታደር የሚይዘውን ትልቅ ሽጉጥ አስመስለው ከቀላል ብረት የሚሠሯቸው ናቸው፤ ጥርሳቸው በማገናኛ ቀለበት የሚቀጠል። ከእነሱ አንዱ ሆሊስ እጅ አሥራ አንድ ጉድጓድ ሞላ። እኔው ራሴ ነኝ የቆጠርኩት።

"ሰው፣ 'ሽጉጡ ቢነክስ ምን ችግር አለው፣ በእጄ ስቤ አስተፋዋለሁ' ይላል" አለኝ ያን ቀን። "ችግሩ እሱ ነው። ሁልጊዜ የሚያቆም ሽጉጥ ሲያቆም ማንም አይደነግጥም። እኔ የምፈልገው ሲያቆም የምትደነግጥበትን ሽጉጥ ነው። ደንግጠህ ታቆማለህ፣ መሬት የወደቀውን ታያለህ።"

የወደቀውን ማየት ማለት እንዲህ ነው። ጥይቷ ሙሉዋን ከወደቀች ከሽፋለች፣ አለቀ። ባዶ ቀለሃ ከወደቀ ግን የጥይቷ እርሳስ ሄዷል ማለት ነው። ወዴት ሄደ? ባሩዱ በቅጡ ካልነደደ በርሜሉ መሃል ድረስ ተገፍቶ እዚያው ሊቀር ይችላል። ማፈኛ በሌለው ሽጉጥ ድምፁ ስለሚያንስ ትነቃለህ። ማፈኛ ያለው ግን ድሮም ድምፁ ትንሽ ነው፤ ትንሹን ከትንሽ ለመለየት ጆሮ ያስፈልጋል።

ጆሮ ደግሞ ጋሽ ምትኩ አልነበራቸውም። ያ የካርቶን ፋብሪካ ቀኝ ጆሯቸውን ጨርሶ፣ ግራውን በግማሽ ወስዶታል። ሐኪም ከእንግዲህ ጩኸት አጠገብ እንዳይደርሱ ብሏቸዋል። እሳቸው ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ከማሪዬታ ወጣ ብሎ በአንድ ወዳጃቸው መሬት ላይ ጣሳ አቁመው መተኮስ ይወዳሉ። ቤዛ ነርስ ሆና ከቤት ከወጣች በኋላ ከአባቷ ጋር የሚያገናኛት እሱ ብቻ ነበር። እናም አንድ ቀን ሱቅ መጡና፣ "ዘሪሁን፣ ያቺን ቱቦ አዘጋጅልኝ፤ ከልጄ ጋር ያለችኝን አንዲት ነገር ሐኪም አይቀማኝም" አሉኝ። ሊያለቅሱ ትንሽ ነበር የቀራቸው። ወረቀቱን ሞላንላቸው። "ሽጉጡን ግን አይቸኩሉ፣ እኔ እመርጥልዎታለሁ" አልኳቸው።

ቸኮሉ። ከሁለት ወር በኋላ ከሌላ ቦታ በቅናሽ ገዝተው፣ ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ሳጥኑን ባንኮኒው ላይ ከፈቱት። የማርያም ያለህ! ያው አሥራ አንድ ጉድጓድ የሞላው ዓይነት።

"እንዴት ነው? ሰዎቹ ያንተን አስተያየት ካልሰማን ብለው ነው የመጡት" አሉኝ ፈገግ ብለው። ለጓደኞቻቸውም፣ "እሱ የዚህ ሙያ ሊቅ ነው፣ እሱ ያለው አለቀ" ይላሉ።

አነሳሁት፣ ጣቴን ከትቼ ዳሰስኩት፣ ገለባበጥኩት። አፌ ላይ የነበረው፣ "ጋሼ፣ ይሄን መልሱት" የሚል ነው። ግን ምን ልበል? ያበሉኝን ያጠጡኝን ሰው፣ በጓደኞቻቸው ፊት፣ "ተሸውደዋል" ልበላቸው? አልሆነልኝም። "በደህና ይያዙት ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይባርክልዎ" አልኩ። ሽማግሌዎቹ አሜን አሉ። ሆሊስ ከኋላ አማርኛ ባይሰማም ፊቴን አይቶ ኡሁ ኡሁ አለ።

"ንገረው" አለኝ ሲወጡ።

"ሰኞ እነግራቸዋለሁ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ።"

ሰኞ ደወልኩ። እውነቴን ነው፣ ልነግራቸው ነው የደወልኩት። መጀመሪያ ግን በጨዋ ደንብ፣ "ጋሼ፣ ሽጉጡ እንዴት ነው?" አልኳቸው። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ጥሩ ነው! እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው" አሉኝ። ከላዬ ላይ ሸክም ወረደ። ምናልባት የሳቸው ለብቻው ደህና የወጣ ይሆናል አልኩ። እያንዳንዱ ሽጉጥ የራሱ ፀባይ አለው እያልኩ ራሴን ሳታልል ሰነበትኩ። ሆሊስ፣ "ነገርከው?" ሲለኝ፣ "ነግሬያቸዋለሁ፣ ግድ የለም ብለዋል" አልኩት። ምን ቀበጠኝ! በሥራ ዘመኔ ሆሊስን የዋሸሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የማፈኛው ፈቃድ ሲመጣ የገጠምኩላቸው እኔው ነኝ። የማገናኛ ቀለበቱን አጥብቄ፣ ቀጭን ዘንግ በበርሜሉ ሰድጄ በማፈኛው መሃል ሳይነካ መውጣቱን ቼክ አድርጌ፣ ጠራርጌ ሰጠኋቸው። ሥራዬ እንከን አልነበረውም። አሁን ሳስበው የሚያበሳጨኝ እሱ ነው፣ ጥሩ አድርጌ ነው የሠራሁት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅ ቆሜ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ምትኩ ናቸው። ቃል አይወጣቸውም፤ "ልጄን... ዓይኗን... ዓይኗን..." ብቻ። የሱቁን ሽርጥ ሳላወልቅ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ሆስፒታሉ ጋ እንዴት ፓርክ እንዳደረግኩ ዛሬም አላውቅም።

የሆነው ይሄ ነው። ጋሽ ምትኩ እየተኮሱ ሳለ አንዷ ጥይት ፍስ አለች። ሽጉጡ በራሱ ቀለሃዋን አልተፋም። እሳቸው እንደለመዱት በእጃቸው ስበው አስተፉት፤ የወደቀው ባዶ ቀለሃ ነበር፣ ማንም አላየውም። ደግመው ቃታ ሳቡ። ቤዛ በቀኛቸው ቆማለች፤ ላብ መነጽሯን አደብዝዞባት ለመጥረግ ወደ ግንባሯ ከፍ ያደረገችው ያኔ ነው። ሁለተኛዋ እርሳስ በርሜሉ ውስጥ በቀረችው መጀመሪያዋ ላይ ስትቆም ያ ሁሉ ጉልበት ወደ ኋላ ተመለሰና ቀለሃዋን በጎን ቀደዳት። የምስማር ራስ የማታህል የናስ ስባሪ የልጅቷ ቀኝ ዓይን ውስጥ ገባች።

ሁለቴ ኦፕራሲዮን አደረጉላት። ሁለተኛው ካለቀ በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ፣ ዓይኑ ከእንግዲህ እንደማያይ ነገረን። ጋሽ ምትኩ በማይሰማው ጆሯቸው በኩል ስለቆመ አልሰሙትም። "ምን አለ? ምን አለ ዘሪሁን?" አሉኝ። የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ሲሉ ያየሁት ድንጋጤ ዛሬም ከፊቴ አይጠፋም፤ ሰው እንደዚያ ሲያንስ አይቼ አላውቅም።

ሽጉጡ ወደ እኛ ሱቅ መጣ። ሆሊስ በርሜሉን ርዝመቱን ተከትሎ በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቆ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ሁለት እርሳሶች ራስና ጅራት ሆነው ተጣብቀው ተኝተዋል። "ለሰውየው ነግረኸው ነበር፣ አይደል?" አለኝ። "አልነገርኳቸውም" አልኩት። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢጮህ በወደድኩ። "ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?" ብቻ አለ። ሃያ ሰባት አልኩት። ሽርጡን አውልቆ ሰቀለና በጠዋቱ ወደ ቤቱ ሄደ። በማግስቱ ተመልሶ መጣና ሠራን፤ ከዚያ በኋላ ግን እሱ ሳይደግመው እኔ ብቻዬን የፈተንኩት ሽጉጥ አልተሸጠም። ሥራ እስኪያቆም ድረስ እንዲያ ነበር፣ አንድም ቀን ቅር አላለኝም።

ከዚያ ወዲህ እኔም አፌ አይመለስም። ቄስ ይሁን ሽማግሌ፣ ሚስቱ ትኑር ጓደኛው፣ ሽጉጡ ካልሆነ፣ "አይሆንም፣ መልሰው" እላለሁ። ከእኛ ሰው ስንቱ ተቀይሞኛል! "አሜሪካ አበላሸው፣ ሰው ማክበር ረሳ" ተብያለሁ። እሺ ብያለሁ።

አሁን ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር ነው የቀረው። ቤዛ ከሆስፒታል ከወጣች በሦስተኛው ሳምንት፣ እሑድ ከሰዓት ቤታቸው ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ እነግራቸዋለሁ ስል ነበር የሄድኩት። ጋሽ ምትኩ ገና በር ላይ ሳለሁ አቅፈውኝ፣ "አንተ ምን አደረግክ ልጄ? ጥይቷ ናት፣ የፋብሪካው ጥፋት ነው። አንተማ በእጅህ አስተካክለህ የሰጠኸኝን" አሉኝ። እፎይ አልኩ። እፎይ ማለቴ ራሱ አስደነገጠኝ። ሻይ መጣ፣ ተቀመጥን፣ ጠጣን። ዝም አልኩ። አሁንም ዝም!

ቤዛ ሶፋው ላይ ዓይኗ ተሸፍኖ ተቀምጣለች። እኔን ለማየት አንገቷን ሙሉ ለሙሉ ማዞር ነበረባት።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ኦነስትሊ መልስልኝ" አለችኝ። "ያ ሽጉጥ ፕሮብሌም እንዳለው ታውቅ ነበር?"

"ቤዛ! እንግዳ ነው እኮ፣ ሻዩን ይጠጣበት" አሉ አባቷ።

"ዳድ፣ ዌይት። እሱን ነው የጠየቅኩት።"

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። "አውቅ ነበር" አልኩ። "ገና ሳጥኑ ሲከፈት ነው ያወቅኩት። ሱቃችን ያንን ዓይነት ፈትነነው ወድቋል። ልነግራችሁ ደውዬ ሳልነግራችሁ ቀረሁ። ሱቅ ያለውን መምህሬንም ነግሬያቸዋለሁ ብዬ ዋሸሁት።"

"ለምን?"

"አባትሽን ሰው ፊት ላሳፍራቸው አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጥሩ ይሠራል ሲሉኝ..."

ጋሽ ምትኩ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ተነስተው የሚያስወጡኝ መሰለኝ፤ ቢያስወጡኝም መብታቸው ነው። እጃቸውን ሳያነሱ፣ "እኔም አውቅ ነበር" አሉ።

ምን? አልኩ በሆዴ።

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየጥይት ካዝናው ሁለት ሦስቴ ይነክስብኝ ነበር። አንተ ደውለህ ስትጠይቀኝ ጥሩ ነው አልኩህ። መርቀህልኛል፣ ጓደኞቼ ፊት አክብረኸኛል። አይሠራም ብልህ በሙያህ የምታፍር መሰለኝ። ማፈኛውን ስትገጥምልኝማ ጭራሽ አፌን ያዘኝ።"

ቤዛ አባቷን ልታይ አንገቷን አዞረች። "እኔ እኮ ያን ቀን፣ ሁልጊዜ እንደዚህ ያቆማል ወይ ብዬ ጠይቄህ ነበር፣ ዳድ። ኖርማል ነው አልከኝ!"

ደግሞ ወደ እኔ ዞረች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ በሽተኛ ፊት የለመደችው የነርስ ድምፅ ነበር።

"ስለዚህ እናንተ ስትከባበሩ ነው የኔ ዓይን የጠፋው" አለች። "እሺ፣ አሁን ከሁለታችሁ አንዳችሁ ይቅርታ ይጠይቀኝ።"

ሁለታችንም ልንናገር አፋችንን ከፈትን። ጋሽ ምትኩ እኔን አይተው ዝም አሉ፣ እኔም እሳቸውን አይቼ ዝም አልኩ። እሷ በአንድ ዓይኗ ትጠብቀናለች፤ እኛ አሁንም አንዳችን ለአንዳችን ቅድሚያ እየሰጠን ነበር።